ምኞትና ፍርድ

ቤዝቦል በአሜሪካ አገር እጅግ የተወደደ የኳስ ጨዋታ ነው። በየወገኑ ዘጠኝ ዘጠኝ ሰዎች ይጫወታሉ፤ አንዱ ወገን ኳሱን ሲወረውር፥ ሌላው በዱላ ይመታል። በፈረንጆች አቆጣጠር ከ1921 ዓ.ም. ጀምሮ ይህ ጨዋታ በራዲዮ ይሰማል። አንዳንድ የራዲዮ ጣቢያም «የሚያሸንፈውን ቡድን አስቀድሞ ለነገረን ሽልማት እንሰጣለን» እያለ አድማጮቹን ያወዳድራል።

አድማጭ ግን ብዙ ጊዜ የሚናገረው ልቡ የተመኘውን ነው። የሚወደው ቡድን ደካማ ቢሆንም «ያሸንፋል» ይላል። ቡድኑ በተሸነፈ ጊዜ ኀዘኑ ሁለት ይሆናል፤ ድሉም ሽልማቱም ይቀርበታልና።

ለዚህ ነገር አንድ የሚያስቅ ዘዴ አለ። እርሱም የሚወዱት ቡድን ይሸነፋል ብሎ መገመት ነው። ቡድኑ ቢያሸንፍ ገማቹ በድሉ ደስ ይለዋል፤ ቢሸነፍ ደግሞ በውድድሩ ስለሚቀናው ይጽናናል። ስለዚህ ፈጽሞ አዝኖ አያድርም።

ጎረቤቶቹ «ከዳተኛ» ይሉት ይሆናል። ነገር ግን በፈረንጆች አቆጣጠር በ2001 ዓ.ም. የሲያትል ቡድን በመደበኛው ውድድር 116 ጊዜ ሲያሸንፍ፥ 46 ጊዜ ተሸንፏል። እንዲህ ያለው ብርቱ ይህን ያህል ከተሸነፈ፥ «የምወደው ቡድን ይሸነፋል» ማለት ክዳት አይደለም።

ሁልጊዜ መቃወም ግን እንደ ሁልጊዜ መደገፍ ዕውር ነው። የዘዴው ጥቅም የወዳጅን ድካም ማየት ማስተማሩ ነው። ሰው ወዳጁን ይውደድ፤ በሚፈርድበት ጊዜ ግን ምኞቱን ወደ ጎን ትቶ እውነቱን ይመልከት።