አንጀቱ ለታመመ ሰው የሚስማማ አመጋገብ

በዚህ ወር ጽሑፋችን ሐኪም «አሰር የበዛበትን ምግብ ተው» ብሎ ያዘዘው ሰው ምን መብላት እንደሚገባው ለማስረዳት አስበናል። ትእዛዙ አጭር ይመስላል፤ ነገር ግን ገበታው ሁሉ ከእህልና ከጥራጥሬ ለሚሠራ ቤተ ሰብ እንዴት እንደሚፈጸም ካልተገለጸ በሽተኛው ወይ ትእዛዙን ይተወዋል፤ ወይ ምግብን ጨርሶ ፈርቶ ይከሳል።

ከምንበላው ምግብ አብዛኛው በሆድ ዕቃችን ልሞ ወደ ደም ይገባል። የእህሉ ገለፈት፣ የጥራጥሬው ቅርፊትና የጎመኑ ጅማት ግን ሳይልሙ እስከ ትልቁ አንጀት ይወርዳሉ። አሰር የምንለው ይህን ነው። አሰር ውኃ እየያዘ ዓይነ ምድርን ያበዛል፣ ያለሰልሳል፤ በጊዜውም እንዲወርድ ያደርጋል።

ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ ባለው አገር የገበሬው ምግብ የጤፍ፣ የበቆሎና የዳጉሳ እንጀራ፣ ሽሮ፣ ቆሎ፣ ንፍሮና ጎመን ስለሆነ በአሰር የበለጸገ ነው። በ100 ግራም ጤፍ ውስጥ 8 ግራም ያህል አሰር ሲገኝ፣ በዚያው ልክ ነጭ ሩዝ ውስጥ የሚገኘው 1 ግራም ያህል ብቻ ነው። በኡጋንዳ ለብዙ ዓመታት የሠራው የቀዶ ሕክምና ሐኪም ዴኒስ በርኪት በአውሮፓ አቆጣጠር በ1970ዎቹ ዓመታት የአፍሪካ ገጠር ሰው በሆድ ድርቀት እምብዛም የማይቸገረው ስለዚህ ምግቡ እንደሆነ አስተምሯል። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2023 ባወጣው መመሪያ አዋቂ ሰው በቀን ቢያንስ 25 ግራም አሰር እንዲያገኝ ይመክራል። እንግዲህ ጤነኛ ሰው የአባቶቹን ገበታ የሚለውጥበት ምክንያት የለውም።

ሆኖም ለጤነኛው የሚበጀው ለታመመው ሊከብድ ይችላል። አንጀቱ በቲቢ ጠባሳ ወይም በሌላ ሕመም የጠበበበት፣ የቆሰለበትና የተቆጣበት፣ በቅርቡ በቀዶ ሕክምና የተሰፋ፣ ወይም አንጀቱ በመሣሪያ ሊታይ ቀን የተቆረጠለት ሰው ለጊዜው አሰርን እንዲቀንስ ይታዘዛል። ልኩም አብዛኛውን ጊዜ በቀን ከ10 እስከ 15 ግራም ባለው ውስጥ ነው። በቤት የሚፈጸመው እንደሚከተለው ነው።

ሀ) ከእህል ወገን ነጭ ሩዝ፣ የፉርኖ ዱቄት ዳቦ፣ መኮረኒና ፓስታ ይስማሙታል። ብዙ ሰው ነጭ ጤፍ ከነጭ ዱቄት የሚቆጠር ይመስለዋል፤ ነገር ግን ጤፍ ከደቃቅነቱ የተነሣ ከነገለፈቱ ስለሚፈጭ ነጩም ቀዩም አሰር አለው።

ለ) ከሥጋ ወገን ጅማቱ ወጥቶ በሚገባ የበሰለ ሥጋ፣ ዶሮ፣ ዓሣ፣ እንቁላልና መረቅ መልካም ነው።

ሐ) ከአትክልት ወገን ተልጦ የተቀቀለ ድንችና ካሮት፣ እንዲሁም የበሰለ ሙዝ ይፈቀዳል።

መ) ባቄላ፣ አተር፣ ሽምብራና ምስር፣ ሽሮም ቢሆኑ፣ እንዲሁም ቆሎ፣ ንፍሮ፣ የበቆሎ እሸት፣ ተልባ፣ ሱፍ፣ ጎመንና ቃሪያ እስኪሻለው ይቆዩለት። በርበሬና የሚያሰክር መጠጥ የተቆጣውን አንጀት ያብሱበታል። ወተት ሆዱን የሚነፋው ከሆነ ይቀንስ።

ምግቡም ጥቂት በጥቂት፣ በቀን አምስት ወይም ስድስት ጊዜ ተከፍሎ፣ በደንብ እየታኘከ ይበላ።

የጾም ወራት ሲመጣ ችግሩ ይከብዳል፤ የጾም ገበታ ዋና ምሰሶ ጥራጥሬ ነውና። ሩዝ፣ ድንች፣ ካሮትና የፉርኖ ዳቦ ለጥቂት ቀናት ይበቃሉ፤ ሕመሙ ከረዘመ ግን በሽተኛው ሰውነት ገንቢ ምግብ ስለሚያጣ አስቀድሞ ሐኪሙንና የንስሐ አባቱን ቢያማክር ይገባዋል።

ይህ አመጋገብ የዘወትር ሥርዓት አይደለም። ሲረዝም የሆድ ድርቀትን ያመጣል፤ ሰውነትንም ከሚያስፈልጉት ነገሮች ያጎድላል። ሐኪሙ ሲፈቅድ በሽተኛው በመጀመሪያ ጥቂት እንጀራ፣ ቀጥሎ የክክ ወጥ፣ በመጨረሻም ጎመንና ንፍሮ እያለ ወደ ቀድሞ ገበታው ቀስ በቀስ ይመለስ።

ከሁሉ በላይ ሁለት ነገር እናስጠነቅቃለን። አንደኛ፣ ተቅማጥ የያዘውን ሰው አሰር መቀነስ ብቻ አያድነውም። የሚገድለው የውኃ ማለቅ ስለሆነ ሕይወት አድን ንጥረ ነገር በንጹሕ ውኃ ተበጥብጦ ይጠጣ፤ ደም ወይም ትኩሳት ካለበት ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ።

ሁለተኛ፣ በአገራችን ሕዝቡ «አንጀት ታጠፈ» የሚለው በሽታ አለ። ትልቁ አንጀት በራሱ ላይ ተጠማዝዞ ሲዘጋ ሆድ ይነፋል፣ እየቆረጠ ያማል፤ ዓይነ ምድርም ጋዝም አይወጣም፤ ማስመለስም ይከተላል። ይህን ምግብ አይፈውሰውም። ኮሶም ሆነ ሌላ የሚያስቀምጥ መድኃኒት መስጠት፣ ሆድንም ማሸት አደጋውን ያብሳል። ደም የተቋረጠበት አንጀት በሰዓታት ውስጥ ስለሚሞት፣ ሌሊትም ቢሆን ሳይነጋ በሽተኛውን በፍጥነት ወደ ሆስፒታል ማድረስ ግዴታ ነው።

መምህራንና ማንበብ የምትችሉ ሁሉ፣ ይህን የመጨረሻውን ምልክት በተለይ ላላነበበው ጎረቤት እንድትነግሩልን አደራ እንላለን።