ኮኪት ላይ የሚባለውና እውነቱ

«ጸቡ የዘር ነው፤ ከጥንትም የነበረ ነው»

ኮኪት ስለምትገኝበት ስለ መተማ ቆላ ሲነሳ ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚለው ይህንን ነው። አማራና ቅማንት ግን ተጋብተው፣ አበልጅ ሆነው፣ በአንድ ገበያ ሲገበያዩ የኖሩ ናቸው። ግጭቱ የቅርብ ጊዜ ነው፤ ምክንያቱም ይታወቃል። በ1987 የሕዝብ ቆጠራ 172,327 ሰዎች ቅማንት ተብለው ተመዘገቡ፤ በ1999 ቆጠራ ስሙ ከዝርዝሩ ወጣ። ቅሬታው እያደገ መጣ። በ2007 የአማራ ክልል ምክር ቤት በ42 ቀበሌዎች የቅማንትን የራስ አስተዳደር ፈቀደ። መስከረም 7 ቀን 2010 ደግሞ በ8 ቀበሌዎች ሕዝበ ውሳኔ ተካሂዶ 7ቱ በነበሩበት አስተዳደር ለመቀጠል መረጡ። ጉዳዩ የአስተዳደርና የወሰን ነው፤ በውይይት ሊፈታ የሚችል ነው።

ደግሞም ኮኪት ላይ የሞተው ሁሉ በጎረቤቱ እጅ አልሞተም። በጥር 2011 የሱር ኮንስትራክሽንን ንብረት የሚያጅቡ የመከላከያ አባላት በገንዳ ውኃና በኮኪት ተኩሰው ሰዎች ሞተዋል። ስለዚህ ሽማግሌዎች ለእርቅ ሲቀመጡ መለዮ ለባሹ በማን እንደሚጠየቅም መነሳት አለበት።

«የቆዳ ቀለም መድልዎ የፈረንጅ አገር ጉዳይ ነው»

በመተማና በቋራ ጉሙዞች ይኖራሉ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መተማ ባሪያ የሚሸጥባት ገበያ ነበረች፤ ከሚፈነገሉትም መካከል ጉሙዞች ነበሩ። ባርነት በሕግ የተሻረው በ1934 ነው። «ባሪያ» የሚለው ስድብ ግን እስከ ዛሬ አልተሻረም፤ ሲሰደብ የኖረ ሰው ተዘርፎ ፖሊስ ጣቢያ ሲገባ እንደማንም አቤቱታ አቅራቢ እንደሚሰማ በምን ይተማመናል? እኔ ይህ ጥያቄ ሳይነሳ ያለቀን የእርቅ ጉባኤ ሙሉ አልለውም።

«ሽምግልና ካለቀ ክሱም አለቀ»

ደም ማድረቅ ቤተሰብን ከበቀል ያድናል፤ ውለታው ትልቅ ነው። ነገር ግን ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 34 በባህልና በሃይማኖት ሕግ መዳኘትን የፈቀደው ለግልና ለቤተሰብ ጉዳይ፣ ያውም ተከራካሪዎቹ ሲስማሙ ነው። ነፍስ ማጥፋት የመንግሥት ክስ ነው። ያለ ፍርድ መግደልና ኢሰብዓዊ ድብደባ በሰው ዘር ላይ የተፈጸመ ወንጀል ከሆነ በአንቀጽ 28 መሠረት በይርጋ አይታገድም፤ በምሕረትም አይታለፍም።

«ብሔሩን ካላወቁ ወንጀለኛውን አይለዩም»

በቀበሌ መታወቂያ ላይ «ብሔር» የሚል መስመር ለዓመታት ነበር። በሰሊጥ አጨዳ ወቅት ከደጋ ለሚወርደው የቀን ሠራተኛ ኬላ ላይ ያቺ አንዲት መስመር ከስሙ በላይ ልትመዝን ትችል ነበር። ፋይዳ መታወቂያ ብሔር አይመዘግብም። ሕጉም ቢሆን የሚጠይቀው ሰውየው ምን አደረገ ብሎ ነው፤ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 25 በዘርና በቀለም መለየትን ከልክሏል።

ብሔሩ ምንም ይሁን ምን፣ የተያዘ ሰው የተያዘበት ምክንያት በሚገባው ቋንቋ ወዲያውኑ ሊነገረው፣ በ48 ሰዓትም ፍርድ ቤት ሊቀርብ ይገባል፤ ከዚህ ጊዜ የሚቀነሰው መንገድ ላይ የሚጠፋው ብቻ ነው። ቤተሰቡና ጠበቃው ሊጠይቁት መብት አላቸው። ጣቢያው ከከለከለ አቤቱታ የሚቀበሉ የሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽንና የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አሉ፤ የተያዘበትን ቀንና ሰዓት፣ የያዘውንም ፖሊስ ስም ጽፎ መያዝ ለአቤቱታው ይጠቅማል።