ስልኩ ሰምቷል፤ ገብቶታል ወይ?

ጽሑፌን በአንድ የቤት ገጠመኝ ልጀምር። ባለፈው ክረምት፣ በማግስቱ ጠዋት ፈተና ስለምሰጥ፣ ስልኬን በእንግሊዝኛ «ነገ ጠዋት በአንድ ሰዓት ቀስቅሰኝ» ብዬ በቃል አዘዝሁት። ስልኩም ያልሁትን በስክሪኑ ላይ ጽፎ አሳየኝ፤ አንዲት ፊደል እንኳ አልሳተም። የቀሰቀሰኝ ግን ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ላይ ነበር። ለእርሱ «ጠዋት አንድ ሰዓት» ማለት እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላ ያለችው የመጀመሪያዋ ሰዓት ናት፤ ለእኔ ደግሞ ፀሐይ ከወጣች በኋላ ያለችው። ዶክትሬቴን በውጭ አገር ስሠራ በዚያ አቆጣጠር ለዓመታት ስለኖርሁ፣ ስሕተቱ የእኔ ነው ብባል አልከራከርም። ይሁንና በዚያ ሌሊት አንድ ጥያቄ እንቅልፍ ነሣኝ፤ ይህ መሣሪያ በእርግጥ የሰማው ምንድን ነው?

በፊዚክስ ዓይን ሲታይ ንግግር የአየር ግፊት መዋዠቅ ነው። ማይክሮፎኑ መዋዠቁን ወደ ኤሌክትሪክ ምልክት ይለውጠዋል፤ ምልክቱም አብዛኛውን ጊዜ በሰከንድ 16,000 ጊዜ እየተለካ ወደ ቁጥሮች ይመነዘራል። አንድን ሞገድ ሳያዛቡ ለመመዝገብ ከድግግሞሹ እጥፍ በሚበልጥ ፍጥነት መለካት ስለሚያስፈልግ፣ ይህ ልኬት እስከ 8,000 ኸርዝ ያለውን ድምፅ ይይዛል፤ ለንግግርም ይበቃል። ቁጥሮቹ 25 ሚሊሰከንድ ያህል ርዝመት ባላቸው ቁርጥራጮች ይከፈላሉ፤ እያንዳንዱም ቁራጭ ከቀዳሚው 10 ሚሊሰከንድ ዘግይቶ ይጀምራል። በየቁራጩ ውስጥ የትኛው ድግግሞሽ ምን ያህል ጉልበት እንዳለው የሚሰላው ፈረንሳዊው ዦዜፍ ፉሪዬ እ.ኤ.አ. በ1822 ስለ ሙቀት ባሳተመው መጽሐፍ ባስተዋወቀው ሒሳብ ነው። ፉሪዬ ሙቀት በጠጣር አካል ውስጥ እንዴት እንደሚጓዝ ሲመራመር ለስልክ ጆሮ እየሠራ መሆኑን ከየት ያውቃል!

በሳሎን ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጡት የድምፅ ረዳቶች ሌላም ብልሃት አላቸው። አማዞን እ.ኤ.አ. በ2014 ለገበያ ያቀረበው ኤኮ ሰባት ማይክሮፎኖች ነበሩት። ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ በሁለት ተከታታይ ልኬቶች መካከል የሚያልፈው ርቀት 2 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። እንግዲህ ሁለት ማይክሮፎኖች 7 ሴንቲ ሜትር ቢራራቁ፣ ድምፁ ወደ አንዱ ደርሶ ወደ ሌላው እስኪደርስ የሚያልፈው ጊዜ ቢበዛ የሦስት ልኬት ያህል ነው። መሣሪያው በዚህች ጥቂት መዘግየት ተናጋሪው በየት በኩል እንዳለ ያውቃል፤ ከሌላ አቅጣጫ የሚመጣውንም የቴሌቪዥን ጫጫታ ያደክማል። (በነገራችን ላይ፣ «አዲስ አበባ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ስለሆነች አየሩ ስስ ነው፤ ስለዚህ ድምፅ ይዘገያል» የሚሉ ተማሪዎች በየዓመቱ ይገጥሙኛል። የድምፅን ፍጥነት በአየር ውስጥ በዋነኛነት የሚወስነው የሙቀት መጠኑ እንጂ ግፊቱ አይደለም።)

መሣሪያው ዘወትር የሚጠባበቀው የጥሪ ስሙን ነው። ከጥሪው በኋላ ያለው ንግግር ብዙውን ጊዜ ርቀው ወደሚገኙ ኮምፒውተሮች ይላካል። ሳይጠራ የተጠራ መስሎት የሚቀዳበት ጊዜ እንዳለ፣ ከቅጂዎቹም የተወሰኑትን ሰዎች እንደሚያዳምጧቸው እ.ኤ.አ. በ2019 በይፋ ታውቋል፤ ስለሆነም የት እንደሚቀመጥ ማሰብ አይከፋም።

ቁጥሮቹን ወደ ቃላት መለወጥ ግን ሌላ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1952 በቤል ላብራቶሪ የተሠራው ኦድሪ የሚለየው ከዜሮ እስከ ዘጠኝ ያሉትን ቁጥሮች ብቻ ነበር። የአይቢኤም «ሹቦክስ» እ.ኤ.አ. በ1962 ለሕዝብ ሲታይ 16 ቃላት ያውቅ ነበር። አፕል ሲሪን በአይፎን ላይ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ2011 ሲሆን፣ ያኔ የምታውቃቸው ቋንቋዎች እንግሊዝኛ፣ ፈረንሳይኛና ጀርመንኛ ነበሩ። በዛሬው ዘዴ ለኮምፒውተሩ የሰዋስው ሕግ የሚነግረው የለም። ብዙ ሰዓት የተቀዳ ንግግር ከነጽሑፉ ይሰጠዋል፤ ዝምድናውን ራሱ ይፈልጋል። በመሆኑም የአንድ ቋንቋ ዕድል የሚወሰነው በተቀዳው ሰዓት ብዛት ነው። በሐምቡርግ ዩኒቨርሲቲ ሰሎሞን ተፈራ አባተና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2005 ያቀረቡት የአማርኛ የንግግር ስብስብ 20 ሰዓት ያህል ነበር። ከአሥር ዓመት በኋላ ለተመራማሪዎች በነፃ የቀረበው ሊብሪስፒች የተባለው የእንግሊዝኛ ስብስብ 1,000 ሰዓት ገደማ ነው። ጉግል በድምፅ መጻፍን ለአማርኛ የፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው።

ከሰዓቱ ማነስ በተጨማሪ ቋንቋችን የራሱ ፈተና አለው። «አልነገርናችሁም» የሚለው አንድ ቃል ተናጋሪዎቹን፣ አድማጮቹን፣ ድርጊቱንና አሉታውን በአንድነት ይዟል። የአንድ ግሥ እርባታ ይህን ያህል ሲበዛ፣ በቃላት ዝርዝር ላይ የተመሠረተ ሥርዓት በየደቂቃው ሰምቶት የማያውቀው ቃል ይገጥመዋል። ሌላው መጥበቅና መላላት ነው። «ገና» ሲላላ ያልደረሰ ነገር ነው፤ ሲጠብቅ በዓል ነው። ፊደላችን ልዩነቱን አያሳይም። መሣሪያው የሰማውን ሲጽፍ ይህ ብዙ አይጎዳውም፤ ሁለቱም አጻጻፋቸው አንድ ነውና። ጽሑፍ አንብቦ እንዲመልስልን ስንጠይቀው ግን የቱን እንደሚል ከዐረፍተ ነገሩ መገመት አለበት። አንድ አዛውንት «የገና ዕለት ድረስ» ያሉትን መልእክት አላልቶ ቢያነብ ልጃቸው ምን ይረዳ ይሆን? የሰዓት አቆጣጠራችንም እንዲሁ ነው። ያቺን ሌሊት ድምፄን ያለ እንከን የሰማው ስልክ የተሸነፈው በፊዚክሱ አልነበረም፤ ቀናችን በንጋት እንደሚጀምር የነገረው ሰው ስለሌለ እንጂ።

ነገሩን በዓይን ማየት የምትሹ ተማሪዎች አውዳሲቲ የተባለውን ነፃ ፕሮግራም በኮምፒውተር ላይ ጫኑ። «እሺ አለ» እና «ውሃ አለ» በሉና ቅዱ፤ ከዚያም የሁለቱን «ል» ርዝመት በሚሊሰከንድ ለኩ። የጠበቀው ረዝሞ ታገኙታላችሁ። ቀጥሎ ፈጥኖ የሚናገር ጓደኛችሁንና ረጋ ብሎ የሚናገር ጓደኛችሁን ቅዱ። የፈጣኑ የጠበቀ «ል» ከዘገምተኛው የላላ «ል» ጋር ሊቀራረብ ይችላል፤ እኛ ግን በዚህ አንሳሳትም። ጆሯችን የሚለካው ድምፁን ለብቻው ሳይሆን ከተናጋሪው ፍጥነት ጋር እያነጻጸረ ነው፤ ስልኩም ሊማረው የሚገባው ይህንኑ ነው።