ስለ ኑዛዜና ስለ ውርስ፤ ወንድማማች በመሬት እንዳይካሰስ

ገበሬ በሞተ ጊዜ ሁለት ነገር ትቶ ይሄዳል፤ አንደኛው መሬቱ፥ ሁለተኛውም ልጆቹ ናቸው። ለመሬቱ አስቀድሞ ሥርዓት ያልተበጀለት እንደ ሆነ መሬቱ ልጆቹን ያጣላል፤ ልጆቹም ሲካሰሱ መሬቱ ጦሙን ያድራል።

ይህ ነገር በአዲስ አበባ ዙሪያ ባሉት በሰበታ፥ በቡራዩና በሱሉልታ ይልቁን ጎልቶ ይታያል። ሰበታ በጅማ መንገድ፥ ቡራዩ በአምቦ መንገድ፥ ሱሉልታም ከእንጦጦ ማዶ በጎጃም መንገድ የሚገኙ ሲሆኑ፥ ጤፍና ስንዴ የሚዘራባቸው፥ ድርቆሽ የሚታጨድባቸው፥ ወተትም ወደ ዋናው ከተማ የሚጫንባቸው አገሮች ናቸው። ከተማው እየሰፋ መጥቶ በ2015 ዓ.ም. ሦስቱም በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃለሉ። ቀድሞ በጥማድ ይቆጠር የነበረው ማሳ አሁን በካሬ ሜትር ይቆጠራል፤ ለሕዝብ ጥቅም በተወሰደ ጊዜም ካሣው በገንዘብ ይከፈላል። ስለ ማሳው ያልተጣሉ ወንድማማች ስለ ካሣው ይጣላሉ። ገንዘብም እንደ መሬት በስፍራው ቆይቶ አይጠብቅምና፥ አንዱ ተቀብሎ ካጠፋው በኋላ ለእኅቱ ቢፈረድላት እንኳ የምትረከበው ነገር ላይገኝ ይችላል።

አስቀድሞ መታወቅ የሚገባው፥ ገበሬ የሚያወርሰው የይዞታውን መብት እንጂ መሬቱን አለመሆኑ ነው። በየካቲት 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 31 የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት አደረገ፤ የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑን አጸና። በ1997 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 456 ገበሬ ይዞታውን ለቤተሰቡ አባል እንዲያወርስ ፈቅዶ፥ የቤተሰብ አባል ማለት ከባለይዞታው ጋራ በቋሚነት እየኖረ ኑሮውን የሚጋራ ሰው ነው ሲል ተረጐመ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ አዋጅ ቁጥር 1324 በስፍራው ተተካ። ስለዚህ የውርስ ጥያቄ የቀረበለት ሹም ከሁሉ አስቀድሞ ሟቹ የሞተበትን ቀንና ዓመት ሊጠይቅ ይገባዋል።

ብዙውን ጊዜ ጠብ የሚነሣው ኑዛዜ በመጨረሻው ሰዓት ከመነገሩ የተነሣ ነው። ባለ ይዞታው በጤናው ዘመን ዝም ብሎ ይኖርና፥ ሞት ሲቀርብ ሽማግሎችን አስጠርቶ «ይህ ማሳ ለእገሌ ይሁን» ይላል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ግን በሁለት ምስክሮች ፊት የሚነገረውን የቃል ኑዛዜ የወሰነው ለቀብር ሥርዓት፥ ለአካለ መጠን ላልደረሱ ልጆች ሞግዚትና እያንዳንዱ ከ500 ብር ለማይበልጥ ስጦታ ብቻ ነው። ስለዚህ ማሳ በአልጋ ላይ ቃል አይተላለፍም።

የሚጸናው በጽሕፈት የሆነው ነው፤ እርሱም ሁለት ዓይነት ነው። በግልጽ የሚደረገው ኑዛዜ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት ይነበባል፤ መነበቡና ቀኑም ይጻፍበታል፤ ወዲያውም ሁሉም ይፈርማሉ፥ ወይም የጣት አሻራቸውን ያኖራሉ። ከምስክሮቹ አንዱ በሥራው ላይ ያለ ዳኛ ወይም ውል አዋዋይ የሆነ እንደ ሆነ ሁለት ምስክር ይበቃል። ሁለተኛው ተናዛዡ ራሱ በእጁ የሚጽፈው ነው፤ ይህ ግን በ7 ዓመት ውስጥ በፍርድ ቤት መዝገብ ወይም በውል አዋዋይ ዘንድ ካልተቀመጠ ይፈርሳል። ባልና ሚስት በአንድ ወረቀት ቢናዘዙም አይጸናም፤ እያንዳንዳቸው ለየራሳቸው ሊጽፉ ይገባል።

ክፍያውም በምሳሌ ሲታይ እንዲህ ነው። አንድ ገበሬ ከሚስቱ ጋራ በአንድነት የያዘው ሁለት ሄክታር፥ ሁለት ወንዶችና ሁለት ሴቶች ልጆችም አሉት እንበል። እርሱ ሲሞት አንዱ ሄክታር የሚስቱ ነው፤ ይህም የራስዋ ድርሻ እንጂ ውርስ አይደለም። የቀረው ለአራቱ ልጆች እኩል ነው፤ ሴት ልጅ በጋብቻ ወጥታለች ተብላ አትቀነስም። ለእያንዳንዳቸው ሩብ ሄክታር ይደርሳል ማለት ነው። ነገር ግን የኦሮሚያ አዋጅ ቁጥር 130 በ1999 ዓ.ም. በየዓመቱ ለሚዘራ እህል ከግማሽ ሄክታር ያነሰ ይዞታ እንዳይሆን ደንግጎ ነበር፤ የተቆራረሰ ማሳም በሬ አዙሮ ለማረስ አይመችም። ስለዚህ አራቱ በኅብረት ቢያርሱት፥ ወይም ሁለቱ ይዘውት ለቀሩት በከብት፥ በቤት ወይም በገንዘብ ቢያካክሱላቸው ይሻላል። ይህን ስምምነት አባት በሕይወት ሳለ ቢያደርገው ቀላል ነው፤ ከሞተ በኋላ ግን ልጆቹ የሚስማሙት በጭንቅ ነው።

እንግዲህ የወረዳና የቀበሌ ሹማምት ገበሬውን በአዝመራ ዕረፍት ሰብስበው እንዲህ ብለው ሊመክሩት ይገባል፤ የይዞታው ደብተር በባልና በሚስት ስም ይሁን፤ ወሰኑ ይለካ፤ ኑዛዜው በጤና ጊዜ ይጻፍ፤ ለምስክርነትም የውርሱ ተካፋይ ያልሆኑ ሰዎች ይመረጡ። ጃርሳ ቢያ የሚባሉት ያገር ሽማግሎች የሚያደርጉት እርቅ እጅግ የሚጠቅም ነውና፥ የተስማሙበት ነገር በጽሕፈት ሆኖ ለመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ይቅረብ። ሹሙም የካሣ ገንዘብ ከመከፈሉ በፊት የወራሾቹን ቍጥር በፍርድ ቤት ማስረጃ ይመርምር፤ ያልተጠራች እኅት ወይም በሩቅ ያለ ወንድም እንዳይቀር ይጠንቀቅ።

ኑዛዜ መጻፍ ሞትን መጥራት የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ነገር ግን አንድ ወረቀትና አራት ምስክር በጊዜው ቢገኙ፥ ልጆች ከአባታቸው ተዝካር ወደ ችሎት ሳይሆን ወደ እርሻቸው ይመለሳሉ።