ጨረቃና ፀሐይ ውቅያኖስን እንዴት ያንቀሳቅሱታል?

በአብዛኞቹ የዓለም የባሕር ዳርቻዎች ውኃው በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይጎድላል። ሲጎድል በውኃ ተሸፍኖ የነበረው አሸዋ ይገለጣል፣ ጀልባዎች ጭቃ ላይ ጋደም ይላሉ፣ የአካባቢው ሰዎችም በእግራቸው ገብተው ሸርጣንና ዛጎል ይለቅማሉ። ከ6 ሰዓት ገደማ በኋላ ባሕሩ ቦታውን መልሶ ይይዛል። ይህ ነፋስ ከሚያስነሣው ማዕበል ፈጽሞ የተለየ ነገር ነው። ነፋስ የሚያናውጠው የላይኛውን ውኃ ነው፤ ሙላትና ጉድለት ግን ውቅያኖሱን እስከ ወለሉ ድረስ ያንቀሳቅሰዋል።

ጨረቃ በነገሩ እንዳለችበት የጥንት መርከበኞችም ያውቁ ነበር። እንዴት የሚለው ግን ታላላቅ አእምሮዎችን ሳይቀር አሳስቷል። ጋሊሌዮ እ.ኤ.አ. በ1632 ባሳተመው መጽሐፍ የጨረቃን ድርሻ ክዶ፣ ሙላቱን የሚያመጣው የምድር እንቅስቃሴ ነው ብሎ ነበር። ትክክለኛውን መሠረት የጣለው አይዛክ ኒውተን ሲሆን፣ ጊዜውም 1687 ነው።

ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው መልስ «ጨረቃ ውኃውን ወደ ራሷ ትስበዋለች» የሚል ነው። ሐሰት ባይሆንም ጎደሎ ነው፤ ነገሩ ይኸው ብቻ ቢሆን ባሕሩ በቀን አንድ ጊዜ ብቻ በሞላ ነበር። ቁም ነገሩ ያለው በስበቱ ብርታት ሳይሆን በስበቱ ልዩነት ላይ ነው። ስበት ከርቀት ጋር ይዳከማል። ስለዚህ ወደ ጨረቃ የዞረው የምድር ገጽ ከመሐሏ ይልቅ በርትቶ ይሳባል፤ ከጀርባ ያለው ገጽ ደግሞ ከመሐሏ ይልቅ ላላ ብሎ ይሳባል። ፊት ለፊት ያለው ውኃ ምድርን ይቀድማል፣ ከኋላ ያለው ወደ ኋላ ይቀራል። በሁለቱም ወገን ውኃው ያብጣል፤ ምድር በራሷ ዙሪያ ስትሽከረከርም አንድ ዳርቻ በሁለቱም እብጠቶች ሥር ያልፋል።

ይህ ልዩነት በጣም ትንሽ ኃይል ነው፤ ከምድር ስበት ጋር ሲነጻጸር አሥር ሚሊዮንኛ ያህል ቢሆን ነው። ውኃን ሽቅብ ማንሣት አይችልም። የሚችለው በምድር ገጽ ላይ ወደ ጎን ማንሸራተት ነው፤ በሺህ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ላይ የተዘረጋ ውኃ ጥቂት በጥቂት ወደ አንድ ወገን ሲገፋ ተጠራቅሞ ከፍ ይላል። ጣና ሙላትና ጉድለት የማይታይበትም ለዚህ ነው። የጨረቃ ስበት እዚያም ይደርሳል፤ ነገር ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ ከ100 ኪሎ ሜትር በማይበልጥ ሐይቅ ውስጥ ውኃው የሚጠራቀምበት ስፋት የለም። ሰፊዎቹ የሰሜን አሜሪካ ታላላቅ ሐይቆች እንኳ ከ5 ሴንቲ ሜትር የሚያልፍ ሙላት አያሳዩም።

ምድር አንድ ዙር ስትጨርስ ጨረቃም በምሕዋሯ ትንሽ ወደ ፊት ሄዳ ትቆያለች። ምድር እስክትደርስባት 50 ደቂቃ ያህል ይጨምራል። ስለዚህ ዛሬ ከጠዋቱ 3 ሰዓት የሞላ ባሕር፣ ማታ ከ3 ሰዓት ከ25 አካባቢ እንደገና ይሞላል፤ በማግስቱ ጠዋት ደግሞ ወደ 4 ሰዓት ግድም።

ፀሐይስ? ምድርን የምትስብበት ኃይል ከጨረቃው ከ170 ጊዜ በላይ ይበልጣል፤ ባሕሩን በዋነኛነት መግዛት ያለባት እርሷ ትመስላለች። ነገር ግን 150 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ርቃ ስለምትገኝ የምድርን ሁለት ገጾች የምትስበው ከሞላ ጎደል እኩል ነው። ጨረቃ በአማካይ 384,000 ኪሎ ሜትር ላይ ስላለች ቅርቡን ገጽ ከሩቁ 7 በመቶ ያህል አስበልጣ ትስባለች፤ የፀሐይ ልዩነት ግን የአንድ በመቶ ሃምሳኛ እንኳ አይሞላም። በዚህም ፀሐይ በሙላቱ ላይ ያላት ኃይል የጨረቃን ግማሽ አይደርስም።

ቢሆንም በወሩ ውስጥ ለውጡ በግልጽ ይታያል። ጨረቃ ስትወለድና ስትሞላ ከፀሐይና ከምድር ጋር በአንድ መስመር ትሰለፋለች፤ ኃይላቸው ተደምሮ ሙላቱ ከፍ፣ ጉድለቱም ዝቅ ይላል። ብዙውን ጊዜ ይህ የሚታየው ከአንድ ወይም ከሁለት ቀን በኋላ ነው። ጨረቃ ግማሽ ሆና በምትታይበት ሳምንት ደግሞ አንዷ የሌላዋን ሥራ ስለምታዳክም ልዩነቱ ይጠባል።

ሰማዩ ለሁሉም አንድ ቢሆንም ውጤቱን የሚወስነው የባሕሩ ቅርጽ ነው። በካናዳ የፈንዲ ባሕረ ሰላጤ እየጠበበ ይሄዳል፤ ውኃው በተፈጥሮው የሚወዛወዝበት ጊዜም ከሙላቱ ዙር ጋር ስለሚቀራረብ በሙላትና በጉድለት መካከል ያለው ልዩነት 16 ሜትር ይደርሳል። ቀይ ባሕር ተቃራኒው ነው። ከውቅያኖስ ጋር የሚያገናኘው ጠባቡ ባብ ኤል መንደብ ብቻ ስለሆነ ብዙ ሙላት አይገባበትም፤ በውስጡ ያለውም በሳፋ ውስጥ እንደሚወዛወዝ ውኃ ነው። ሰሜኑ ሲሞላ ደቡቡ ይጎድላል፤ መሐሉ፣ በፖርት ሱዳንና በጅዳ አካባቢ፣ ባለበት ይቆያል። በደቡብ ጫፍ ልዩነቱ ወደ አንድ ሜትር ይጠጋል።

ይህ ሁሉ ውኃ ከባሕር ወለል ጋር ሲፋተግ የምድርን ሽክርክሪት ቀስ በቀስ ያዘገየዋል። ምድር ያጣችው ሽክርክሪት ወደ ጨረቃ ይተላለፋል፤ ጨረቃም ትርቃለች። አፖሎ 11 የተባለው የጠፈር መንኮራኩር እ.ኤ.አ. በ1969 ጨረቃ ላይ በተወው መስተዋት ላይ የሌዘር ብርሃን እየተላከ ርቀቷ ሲለካ፣ በየዓመቱ 3.8 ሴንቲ ሜትር እንደምትርቅ ታውቋል።