«ሩት አድርግልኝ»

ወረታ የባሕር ዳር፣ የጎንደርና የደብረ ታቦር መንገዶች የሚገጥሙባት ከተማ ናት። መንገድ የሚገጥምበት ቦታ የተበላሸ ዕቃም ይሰበሰብበታል፤ የሩዝ መፈልፈያ ቀበቶ፣ የባጃጅ ጎማ፣ የውሃ መሳቢያ ሞተር፣ ስክሪኑ የተሰነጠቀ ስልክ። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ትምህርት ቤት አዘግቶ ሳለ፣ በአንድ የገበያ ቀን ከወዳጄ የሞባይል ጥገና ቤት ተቀምጬ ነበር። ከወንዛዬ በኩል የመጡ አንድ አባት ከጋቢያቸው ውስጥ በፌስታል የተጠቀለለ ታብሌት አወጡ። ዓረብ አገር ያለችው ልጃቸው ለልጆቿ ማጥኛ ብላ የላከችው ነው። ይበራል፣ ዋይፋይም ይይዛል። ፕሌይ ስቶር ግን አልከፍት ብሏል፤ ከሰው በሚሞሪ ካርድ የተቀበሉትን መተግበሪያም አይጭንም። «ሩት ካልተደረገ አይሆንም ብለውኛል፤ እባክህ ልጄ፣ ሩት አድርግልኝ» አሉ።

የእሳቸውን ታብሌት ጉዳይ እመለስበታለሁ። አስቀድሞ ስለ ቃሉ ልናገር፤ ብዙ ሰው የሚለምነው ምን እንደሆነ ሳያውቅ ነውና።

ሩት ሥር ማለት ነው። አንድሮይድ የቆመው በሊኑክስ ላይ ነው፤ ሊኑክስ ደግሞ ከዩኒክስ የወረሰው ልማድ አለው። በማሽኑ ውስጥ የሚሠራ ተጠቃሚ ሁሉ ቁጥር ይሰጠዋል። ቁጥሩ ዜሮ የሆነው «ሩት» ይባላል፤ ለእርሱ የሚዘጋ በር የለም። በአንድሮይድ ደግሞ እያንዳንዱ መተግበሪያ ሲጫን የራሱን ቁጥር ይይዛል፤ ቆጠራው ከ10000 ይጀምራል። ጌሙ የባንኩን ምስጢር እንዳያይ፣ የባትሪ መብራቱም የቴሌግራሙን ጓዳ እንዳይከፍት የሚያግደው ይኸው የቁጥር ልዩነት ነው።

በፎገራ ሜዳ ከርብ ወይም ከጉማራ ውሃ ጠልፎ ሽንኩርት ያለማ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። መስኖ የውሃ አባት አለው። ተራ የሚሰጠው እርሱ ነው፤ ተራው ያልደረሰ ቦይ አይሰብርም። በታብሌቱ ውስጥ ይህን ሥራ የሚሠራው ከርነል የሚባለው ክፍል ነው፤ ካሜራውን፣ ድምፁን፣ ማህደረ ትውስታውን ለጠያቂው ሁሉ በተራና በልክ ያድላል። ሩት ተራ የማይጠብቅ ሰው ነው፤ ቦዩን ወደ ማሳው ሊመልሰው ይችላል፣ ወደ ጎረቤቱ ቤትም ሊለቀው ይችላል። ታብሌት ስንገዛ ይህ ሥልጣን አብሮ አይሸጥልንም፤ አምራቹ ቆልፎ ያስቀረዋል። «ሩት ማድረግ» የሚባለው ያንን ሥልጣን መውሰድ ነው።

መንገዱ የተገኘው ገና ከመጀመሪያው ነው። ኤችቲሲ ድሪም የተባለው የመጀመሪያው የአንድሮይድ ስልክ በ2008 እ.ኤ.አ. ገበያ ላይ በዋለ በሳምንታት ውስጥ አንድ ስህተት ታየበት። በኪቦርዱ የሚጻፈው ሁሉ ከመልእክቱ ጎን ለጎን ከጀርባ በሩት ሥልጣን እንደ ትእዛዝ ይነበብ ነበር። ለወዳጁ ሲጽፍ «ሪቡት» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል ለብቻው ጽፎ መስመር የቀየረ ሰው ስልኩ እጁ ላይ ጠፍቶ ይነሣ ነበር። ስህተቱ ቶሎ ተደፈነ፤ ሌሎች ግን ተከተሉ። በ2014 እ.ኤ.አ. ጆርጅ ሆትዝ የሊኑክስን አንድ ቀዳዳ ተጠቅሞ ታወልሩትን አወጣ። በ2016 እ.ኤ.አ. ደግሞ ጆን ዉ ማጂስክን ሠራ። ዛሬ ሩት የሚያደርግ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጠቀመው ማጂስክን ነው።

ለእኛ ግን ሩት የመጣው በፊደል በኩል ነው። በመጀመሪያዎቹ አንድሮይዶች የግዕዝ ፊደል አልነበረም። አማርኛ የተጻፈለት ሰው የሚያየው ተርታውን የቆሙ ባዶ ሳጥኖች ነበር። ፊደሉን ለማየት የፊደሉ ፋይል ከሲስተሙ የፎንት ማህደር መግባት ነበረበት፤ ማህደሩ ደግሞ ያለ ሩት አይከፈትም። የመጀመሪያውን ታብሌቴን ሩት ያደረግሁት ለዚህ ነው። ፋይሉን ገልብጬ፣ ፈቃዱን አስተካክዬ፣ አጥፍቼ ሳበራው ሳጥኖቹ ፊደል ሆነው መጡ፤ ከመካከላቸው ታላቅ እህቴ ከወራት በፊት የጻፈችልኝ የበዓል ሰላምታ ነበረ። ያን ቀን ሩት ለእኔ የመብት ጉዳይ ሆነ፤ በገዛ ፊደሌ ለማንበብ የራሴ የሆነውን ዕቃ መስበር አስፈልጎኛልና። በኋላ ጎግል የግዕዝ ፊደልን ከአንድሮይድ ጋር አብሮ ማውጣት ጀመረ፤ ምክንያቱም አለፈ። ወሬው ግን ቀረ። ታብሌት ማንኛውንም ነገር እንቢ ባለ ቁጥር «ሩት ካልሆነ አይሆንም» የሚለው ምክር ከዚያ ዘመን የተረፈ ይመስለኛል።

አገራችን ውስጥ ከተቆለፈ ታብሌት ጋር የተደረገ አንድ ትግል በዓለም ተወርቶለታል። በ2004 ዓ.ም. «አንድ ላፕቶፕ ለእያንዳንዱ ልጅ» የተባለው የአሜሪካ ድርጅት በወንጪና በወለንጪቲ አካባቢ ባሉ ሁለት መንደሮች ማንበብ ለማያውቁ ሕፃናት ሞቶሮላ ዙም የተባሉ ታብሌቶችን እንደታሸጉ ሰጠ። አዋቂዎቹ በፀሐይ ኃይል መሙላቱን ተማሩ፤ ለልጆቹ ግን አስተማሪም መመሪያም አልነበረም። የድርጅቱ መሥራች ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ በጥቅምት 2005 ዓ.ም. እንደተናገሩት አንድ ልጅ በአራት ደቂቃ ውስጥ ካርቶኑን ከፍቶ ማብሪያውን አገኘ። በአምስት ቀን ውስጥ ልጆቹ በነፍስ ወከፍ በቀን 47 መተግበሪያ ይከፍቱ ነበር። በአምስት ወር ውስጥ ደግሞ ተዘግቶ የተሰጣቸውን ካሜራ ከፈቱት፤ ገጹ እንዳይቀየር የተጫነውን ሶፍትዌርም አልፈው እያንዳንዱ ልጅ ታብሌቱን በየመልኩ አሳመረ።

ዜናው «አንድሮይድን ሰበሩት» ተብሎ ነበር የተዛመተው። እኔን የሚደንቀኝ መስበሩ አይደለም። ዕቃው የካሜራ ዓይን እያለው ፎቶ አለማንሣቱ ገረማቸው፤ ከዚያ የዘጋውን ፈለጉ። ብልሽት ፍለጋ ማለት ይህ ነው፤ ምን ተዘጋ፣ ማን ዘጋው። ጥገና ቤት የሚመጣ ሰው ግን መልሱን ይዞ ነው የሚመጣው፤ መልሱም ሩት ነው።

ወደ እኒያ አባት ታብሌት ልመለስ። ፕሌይ ስቶር ያልከፈተው ቀኑ ተሳስቶ ነበር። ሴቲንግ ውስጥ ገብቼ ሳይ ዓመቱ 2012 ይላል። አንድ ቅን ሰው የእኛን ዓመተ ምሕረት አይቶ «አስተካክሎላቸዋል»። ታብሌቱ ግን ያንን የሚያነበው በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሆነ ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ሄዷል። ከጎግል ጋር ሲገናኝ የሚቀርብለት የምስክር ወረቀት የሚጸናበት ቀን አለው፤ በታብሌቱ ቀን ሲሰላ ወረቀቱ ገና አልተጻፈም፤ ስለዚህ አላምንም ብሎ ይዘጋል። ሰዓቱም እንዲሁ ነው። ጠዋት በእኛ ሦስት ሰዓት ሲሆን ታብሌቱ ላይ 9 መሆን አለበት፤ 3 ተብሎ ከተሞላ ድረ ገጹ ይከፈት ይሆናል፣ በየሠላሳ ሴኮንዱ የሚቀያየረው የማረጋገጫ ቁጥር ግን አይሠራም። ይህን ችግር በሌላ አገር የተጻፈ መመሪያ አይነግረንም፤ የእኛው የዘመን አቆጣጠር የሚያመጣው ነው። መድኃኒቱ አውቶማቲክ ሰዓቱን ማብራትና አዲስ አበባን መምረጥ ነው።

መተግበሪያው ያልተጫነው ደግሞ በሌላ ምክንያት ነበር። ታብሌቱ ፋይሉን ማንበብ አልቻልኩም ይል ነበር። ይህ መልእክት ሲመጣ ሁለት ነገር ይጠረጠራል፤ ወይ ፋይሉ ሲገለበጥ ተቆርጧል፣ ወይ መተግበሪያው ከታብሌቱ አንድሮይድ አዲስ ነው። የእሳቸው ተቆርጦ ነበር፤ ከዋናው ፋይል ጋር ሳስተያየው ግማሹ የለም። ሁለተኛው ምክንያት ግን በየጊዜው እየበዛ ሄዷል። ዋትስአፕ ከጥቅምት 2023 እ.ኤ.አ. ወዲህ ከአንድሮይድ 5 በታች አይሠራም፤ ጎግል ራሱም በዚያው ዓመት አንድሮይድ 4.4ን ትቶታል። እንዲህ ያለው ታብሌት ላይ ሩት ቢደረግ በሽታው አይነካም፤ ያረጀው አንድሮይዱ ነውና።

«አልተጫነም» ብቻ ብሎ የሚያልፍ ሲሆን ቦታው ሞልቶ ይሆናል፤ ወይም ቀድሞ የተጫነው ያው መተግበሪያ ፊርማው ከአዲሱ ጋር አልገጥም ብሎ ይሆናል። ሰው የለዋወጠውን ዋትስአፕ በእውነተኛው ላይ ለመጫን የሚሞክር ሁሉ እዚህ ይያዛል። ከፕሌይ ስቶር ውጭ የመጣ ፋይል እንዳይጫን የሚከለክለው ማብሪያም አለ፤ እስከ አንድሮይድ 7 ድረስ ለሁሉም አንድ ነበር፣ ከ8 ጀምሮ ግን ፈቃዱ የሚሰጠው ፋይሉን ለከፈተው መተግበሪያ ለየብቻ ነው። የድሮውን ቦታ የሚፈልግ ሰው ያጣዋል።

ይህ ሁሉ ታይቶ ሩት በእውነት ቢያስፈልግስ? ያስፈልጋል የምልባቸው ጊዜያት አሉ፤ አምራቹ የተወውን ታብሌት ለማደስ፣ የማይነቀል ማስታወቂያ አብሮት የመጣን ርካሽ ታብሌት ለማጽዳት። ሥራው የሚጀምረው ቡትሎደር የተባለውን የመነሻ ቁልፍ ከመክፈት ነው። ሲከፈት በውስጡ ያለው ሁሉ ይጠፋል፤ ይህ ሆን ተብሎ የተሠራ ጥበቃ ነው፤ ሌባ ታብሌቱን ቢያገኝ እንኳ ፎቶውን እንዳያገኝ። ስለዚህ የልጅ ጥምቀትና የሠርግ ፎቶ አስቀድሞ ይውጣ። ሳምሰንግ ከሆነ ደግሞ ኖክስ የሚባል መዝገብ አለው፤ ያልተፈቀደ ሶፍትዌር አንዴ ከገባበት ምልክቱ ዳግም አይመለስም።

ሥራው የሚሠራው ታብሌቱን ከኮምፒውተር ጋር በገመድ አገናኝቶ ነው፤ ብዙ ጊዜ ግን ኮምፒውተሩ ታብሌቱን አላየሁም ይላል። አሥር ሰው ይህን ቢለኝ ዘጠኙን ገመዱን እንዲቀይር እነግረዋለሁ። ገበያ ላይ ያለው ብዙ ገመድ ቻርጅ ብቻ ያደርጋል፤ መረጃ የሚያሳልፈው ክር የለውም። ቀዳዳውም ይታይ፤ ወረታ ውስጥ የሩዝ ገለፈት ብናኝ የማይገባበት ቀዳዳ የለም። ገመዱ ደህና ከሆነ የዊንዶውሱ ድራይቨር፣ ከዚያ የዩኤስቢ ዲበጊንግ ፈቃድ ይፈተሻል፤ እርሱ ተደብቆ ስለሚቀመጥ ሴቲንግ ውስጥ ያለውን የቢልድ ቁጥር ሰባት ጊዜ መንካት ያስፈልጋል።

ታብሌት የሚሞተው ግን ከዚህ በኋላ ባለው ደረጃ ነው። ማጂስክ የሚሠራው የታብሌቱን የማስነሻ ምስል፣ ማለትም ሲበራ ሲስተሙን የሚያስነሣውን ፋይል፣ አስተካክሎ በመመለስ ነው። ምስሉ ታብሌቱ ላይ ካለው የቢልድ ቁጥር ጋር በፊደልና በቁጥር መግጠም አለበት፤ «ሞዴሉ አንድ ነው» ማለት አይበቃም። ካልገጠመ ታብሌቱ ሎጎው ላይ ይቀራል፤ እየጠፋ እየተነሣም ያድራል። ከአንድሮይድ 7 ጀምሮ ደግሞ ሲስተሙ ሲነሣ ራሱን መርምሮ የተነካ ነገር ካገኘ አልነሣም ይላል፤ የድሮ መመሪያ ተከትሎ ሲስተሙን የነካካ ሰው ታብሌት የሚቆመው በዚህ ነው። ሎጎ ላይ የቀረ ዕቃ ግን አልሞተም። ያልተነካውን የማስነሻ ምስል መልሶ መጻፍ ብዙ ጊዜ ያነሣዋል፤ ስለዚህ ሥራ ሳይጀመር ዋናውን ምስል መያዝ ግድ ነው። በሚጻፍበት መካከል መብራት ከጠፋ ግን ሌላ ነገር ይሆናል። እኛ ዘንድ መብራት ሳያስጠነቅቅ ይሄዳልና ይህን ሥራ ባትሪው በማይዝ ላፕቶፕ አልጀምረውም። የሚዲያቴክ ቺፕ ያለበት ታብሌት ጨርሶ ባይበራም በኤስ ፒ ፍላሽ ቱል ሊደረስበት ይችላል። እዚያ ያለውን «ፎርማት ኦል» የሚለውን ምርጫ የነካ ሰው ግን የታብሌቱን መለያ ቁጥር አብሮ ሊያጠፋው ይችላል፤ ታብሌቱ ይነሣል፣ ሲም ካርዱ ግን ኔትወርክ አይዝም።

በአንድ ንክኪ ሩት እናደርጋለን ከሚሉ መተግበሪያዎች መራቅ ይሻላል። ማንነታቸው ላልታወቀ ሰዎች የውሃ አባትነቱን አሳልፎ መስጠት ነው፤ ቦዩ ወዴት እንደሚሄድ ማንም አያይም። በደንብ የተደረገ ሩትም ዋጋ አለው። የባንክ መተግበሪያዎች ብዙዎቹ ሩት የተደረገ ዕቃ ላይ አልሠራም ይላሉ፤ ገንዘቡን በታብሌቱ የሚያንቀሳቅስ ሰው ከመጀመሩ በፊት ይህን ይመዝን።

ሩት ሊደረግ የማይገባው ታብሌትም አለ። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች የያዙት፣ የየቤተሰቡ የክትባትና የእርግዝና ክትትል የሚመዘገብበት ታብሌት ተቆልፎ የተሰጠው በምክንያት ነው፤ የሚጠበቀው የሌላ ሰው ምስጢር ነው። ለአራተኛው የሕዝብና ቤት ቆጠራ 180 ሺህ ገደማ ታብሌት ተገዝቶ ቆጠራው በ2011 ዓ.ም. ዳግም ሲራዘም፣ የመሥሪያ ቤት ታብሌት በየሰው እጅ ይገባል የሚል ሥጋት ነበረኝ። የመሥሪያ ቤት መለያ ያለበት ታብሌት «ክፈትልኝ» ተብሎ ሲመጣ ወዳጄ ይመልሰዋል፤ ያጣው ገንዘብ ቢኖርም ልክ ነው እላለሁ።

አባትየው በቡና ሰዓት ተመለሱ። ፕሌይ ስቶር ይከፍታል፣ የልጆቹ ማጥኛ ተጭኗል። «ሩት ሆነልኝ?» አሉ። አልሆነም፣ አላስፈለገውም አልኳቸው፤ የቀኑን ነገርም አስረዳኋቸው። ጥቂት አሰቡና «ታዲያ ልጆቹ መልሰው ወደ እኛ ዓመት ቢያዞሩትስ?» ብለው ጠየቁኝ። ቁራጭ ወረቀት ላይ «የታብሌቱ ዓመት 2020፣ የእኛ 2012፤ አይነካ» ብዬ ጽፌ ከጀርባው በፕላስተር ለጠፍኩላቸው። ፌስታላቸውን አራግፈው ጠቀለሉት፤ የመመለሻቸው መኪና ሳያመልጣቸው ወጡ።