ሻንጣችሁን ፍቱ
በሰው አገር አዲስ ቤት ለገባችሁ ወገኖች

(በሬዲዮ ከተላለፈ ትምህርት ለንባብ የተዘጋጀ)

ስለ ሰማዩ ቤታችን ብዙ ጊዜ ሰምታችኋል። ዛሬ የምንነጋገረው ግን ስለ ምድሩ ቤት ነው፤ ያውም በሰው አገር፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ሁለት መኝታ ክፍልና አንድ ሳሎን ስላለው የኪራይ ቤት። ከጎግ፣ ከአቦቦ፣ ከጋምቤላ ከተማ ወጥታችሁ አሜሪካ ወይም ሌላ አገር ለምትኖሩ ይህ ለእናንተ ነው። ጎግ ቀርታችሁ የእነሱን ስልክ የምትጠብቁም አንብቡት፤ እናንተንም ይነካል።

እስቲ ወደ ቤቱ እንግባ። ቁልፉን ከተቀበላችሁ ገና ጥቂት ቀን ነው። ፍራሽ ወለሉ ላይ ተዘርግቷል። ከቤተ ክርስቲያን ሰዎች ያገኛችሁት ጠረጴዛ አንድ እግሩ ይነቃነቃል። ሻንጣዎቹ ግድግዳ ተደግፈው ቆመዋል። ሳምንት ያልፋል፣ ወር ያልፋል፤ አንዳንድ ቤት ዓመትም ያልፋል፣ ሻንጣው ግን እንደተዘጋ ነው። «ለምን አትፈቱትም?» ሲባሉ፣ «እኛ እዚህ የምንቆይ ሰዎች አይደለንም፤ አገር ሰላም ሲሆን እንመለሳለን» ይላሉ።

ወገኖቼ፣ በዚህ ንግግር ላይ አልፈርድም። አገርን መናፈቅ ኃጢአት አይደለም። ጥያቄዬ ሌላ ነው፦ ሻንጣው ሳይፈታ ልጆቹ ቢያድጉስ?

ጎግ ስደትን ያውቀዋል

የጎግ ሰው ስደተኛን በወሬ አይደለም የሚያውቀው። ፑኝዶ በጎግ ወረዳ ውስጥ ናት። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ከደቡብ ሱዳን ጦርነት የሸሹ እጅግ ብዙ ሰዎች፣ በሺህ የሚቆጠሩ ወላጅ አልባ ሕፃናት ጭምር፣ ፑኝዶ ሰፍረው ነበር። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ እነዚያ ልጆች እንደገና ተሰደዱ፤ የጊሎን ወንዝ ሲሻገሩ ብዙዎቹ አለቁ። ዛሬም ፑኝዶ የስደተኛ መጠለያ ናት። በዚያ ያደጋችሁ ሁሉ በድንኳንና በሣር ጎጆ የሚኖር እንግዳ አይታችኋል፤ ውኃ ቀድታችሁ የሰጣችሁም ትኖራላችሁ።

ከዚያ ታኅሣሥ 3 ቀን 1996 ዓ.ም. መጣ። ያ ቀን በጋምቤላ ከተማ በአኙዋ ወገኖቻችን ላይ የደረሰው እልቂት ዛሬም በብዙ ቤት ያስለቅሳል። ከዚያ በኋላ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ድንበር ተሻግረው ሱዳን፣ ፖቻላ ገቡ። ከእነሱም አንዳንዶቹ ኬንያ ደረሱ፤ ከኬንያም ባሕር ማዶ የተሻገሩ አሉ። አሜሪካን አገር ሚኒሶታ ውስጥ ቀድመው ከ1980ዎቹ ጀምሮ የሰፈሩ አኙዋዎች ስለነበሩ፣ ብዙ ሰው ወገን ወዳለበት ሄደ። እንግዳ ተቀባዩ እንግዳ ሆነ። ነገሩ እንዲህ ይገለበጣል።

ለተማረኩት የተጻፈ ደብዳቤ

ኤርምያስ ምዕራፍ 29ን ክፈቱ። ነቢዩ ወደ ባቢሎን ለተወሰዱት ደብዳቤ ይልካል። ከዚያ በፊት፣ በምዕራፍ 28፣ ሐናንያ የሚባል ሰው በሁለት ዓመት ውስጥ ሁሉም ነገር ይመለሳል ብሎ ተናግሯል። ይህን የሰማ ሰው ሻንጣውን ይፈታል? አይፈታም! ሁለት ዓመት ምን አላት? ኤርምያስ ግን ሰባ ዓመት ይላቸዋል። ስለዚህ ቤት ሥሩ፣ አትክልት ትከሉ፣ ልጆቻችሁን ዳሩ፣ ለምትኖሩበትም ከተማ ሰላም ጸልዩ፤ የእሷ ሰላም የእናንተም ሰላም ነው የሚል መልእክት ይልክላቸዋል።

ልብ በሉ፣ እግዚአብሔር ኢየሩሳሌምን እርሷት አላላቸውም። የመመለስ ተስፋም እዚያው ደብዳቤ ውስጥ አለ። ነገር ግን ተስፋችሁ የዛሬውን ኑሮ አይብላው ነው ያላቸው። የዛሬው ትምህርት በአጭሩ ይኸው ነው። እንግዲህ አዲስ ቤት የገባ ቤተሰብ ይህን እንዴት ያድርገው? አራት ነገር ልንገራችሁ።

አንደኛ፣ በወረቀቱ ታማኝ ሁኑ

ጎግ ቤት ስንሠራ ጎረቤት ይሰበሰባል፤ እንጨት ይቆረጣል፣ ጭቃ ይቦካል፣ ሣር ይከደናል። ውሉ የሰው ቃል ነው። እዚያ ግን ቤት የሚገባው በፊርማ ነው። ያልገባችሁን አትፈርሙ፤ የሚያስረዳ ወገን ይዛችሁ ሂዱ። ውሉ ብዙ ጊዜ የአንድ ዓመት ነው፤ በቤቱ የሚኖሩት ሰዎች ስም በላዩ ይጻፋል። ዘመድ መጥቶ ወራት የሚቀመጥ ከሆነ ለአከራዩ መናገር ያስፈልጋል። መደበቅ በኋላ ቤት ያስለቅቃል።

ስትገቡ የምታስይዙት ገንዘብ፣ ዲፖዚት የሚሉት፣ የእናንተ ገንዘብ ነው። በገባችሁበት ቀን የተሰነጠቀውን ግድግዳ፣ የቆሸሸውን ምንጣፍ በስልካችሁ ፎቶ አንሱ። በሚኒሶታ ሕግ አከራዩ ቤቱን ከለቀቃችሁና አዲሱን አድራሻ ከሰጣችሁት በኋላ በሦስት ሳምንት ውስጥ ገንዘቡን መመለስ ወይም የቀነሰበትን ምክንያት በጽሑፍ መስጠት አለበት። አሜሪካ ውስጥ ዜግነት ያልወሰደ ሰው ቤት ሲቀይር አዲሱን አድራሻ በ10 ቀን ውስጥ ለኢሚግሬሽን ማሳወቅም ግዴታው ነው። ይህን ባለማወቅ የቀጠሮ ደብዳቤ አሮጌ ቤት ደርሶ ሊቀር ይችላል። በስደተኝነት የገቡበት የአውሮፕላን ትኬትም ብዙውን ጊዜ ብድር ነው፤ ከገቡ ጥቂት ወራት በኋላ መክፈል ይጀመራል። ክፈሉት። በጥቂቱ መታመን ማለት ይህም ነው።

ሁለተኛ፣ ሕይወታችሁን ጠብቁ

ይህን አጥብቄ እናገራለሁ። ቡና ስታፈሉ ከሰል ቤት ውስጥ አታቀጣጥሉ! በሣር ጎጆ ጭሱ በክዳኑ ይወጣል፤ ነፋስም ይገባል። የዚያ አገር ቤት ግን ለብርዱ ሲባል ጥፍንግ ብሎ የተዘጋ ነው። ከከሰል የሚወጣው መርዝ ሽታም ቀለምም የለውም፤ የተኛን ቤተሰብ እንደተኛ ያስቀራል። ቡናውን በኤሌክትሪክ ምድጃ አፍሉ፤ ጣዕሙ ቢለይም ሰው ይተርፋል። ኮርኒሱ ላይ ያለው ማንቂያ ምግብ ስትሠሩ ቢጮህባችሁ መስኮት ክፈቱ እንጂ ባትሪውን አታውጡት። የሚጮኸው ልጆቻችሁን ለማዳን ነው።

ሦስተኛ፣ ገበታውንና መሠዊያውን አቁሙ

አብርሃም በድንኳን የኖረ መጻተኛ ነበር። ነገር ግን ድንኳን በተከለበት መሠዊያም ይሠራ ነበር፤ ዘፍጥረት 12ን አንብቡ። ቤታችሁ ኪራይ ነው ተብሎ ጸሎታችሁ ጊዜያዊ አይሁን።

ችግሩን አውቀዋለሁ። አባት ሌሊት ሥጋ ፋብሪካ ይቆማል፤ እናት ቀን ሆስፒታል ታጸዳለች። አንዱ ሲገባ ሌላው ይወጣል፤ ደጃፍ ላይ ሰላም ተባብለው ይለያያሉ። ልጆቹ ከቴሌቪዥኑ ጋር ይቀራሉ። በሁለት ዓመት ውስጥ እንግሊዝኛው ከእናት ከአባታቸው ይበልጣል። ከዚያ ደብዳቤ የሚያነብ ልጁ፣ ሐኪም ቤት የሚያስተረጉም ልጁ፣ ከአከራዩ ጋር የሚነጋገር ልጁ ይሆናል። አባትየው በገዛ ቤቱ እንግዳ ይሆናል፤ ልጁም ያለ ዕድሜው የቤት ራስ ይሆናል። ይህ ለሁለቱም ሸክም ነው።

ምን ይደረግ? በሳምንት አንድ ማዕድ፣ አንድ ብቻ፣ ሁሉም ያለበት ይሁን። ማክሰኞም ይሁን፣ እሑድ ማታም ይሁን። በዚያ ገበታ ላይ በራሳችሁ ቋንቋ ተነጋገሩ፤ አኙዋ በአኙዋኛ፣ ኑዌር በኑዌርኛ፣ በአማርኛ ያሳደጋችሁም በአማርኛ። ዘዳግም 6 ቃሉን በቤት ስትቀመጡም በመንገድ ስትሄዱም ለልጆቻችሁ ተናገሩ፣ በቤታችሁ መቃንም ጻፉት ይላል። የኪራይ ቤትም መቃን አለው። ስለ ጊሎ ወንዝ፣ ስለ ዓሣው፣ ስለ በቆሎ እርሻው፣ ስለ አያቶቻቸው ጸሎት ንገሯቸው። የደረሰባችሁንም መከራ በዕድሜያቸው ልክ ንገሯቸው፤ ጥላቻን ግን አታውርሷቸው። ሐኪም ቤት ስትሄዱም አዋቂ አስተርጓሚ ጠይቁ፤ ልጁ ልጅ ይሁን።

አራተኛ፣ ጎረቤታችሁን አንኳኩ

በዚያ አገር ኮሪደሩ ረጅም ነው፤ በሩ ሁሉ ዝግ ነው። ሰዉ ኩሩ ስለሆነ አይደለም፤ ልማዱ ነው። እናንተ ጀምሩት። ዶናልድ ማክሉር የሚባለው አሜሪካዊ ሚስዮናዊ በአኙዋ መካከል ሊኖር ሲመጣ፣ ቤት መሥራትና የሰዉን ቋንቋ መማር ነበረበት። በእንግድነት መጥቶ ጎረቤት ሆነ። አሁን ደግሞ ተራው የእናንተ ነው። ከእናንተ በኋላ የሚመጣ ቤተሰብም አለ፤ አውሮፕላን ማረፊያ የሚቀበለው፣ አውቶቡሱን የሚያሳየው፣ የክረምት ጃኬት የሚሰጠው ሰው ይፈልጋል። ስደተኛን ከስደተኛ የበለጠ ማን ያውቀዋል?

ጎግ ላላችሁ አንድ ቃል

ወገኖቼ፣ ልጃችሁ ፎቅ ላይ ቆሞ የላከውን ፎቶ አይታችሁ ሀብታም ሆነ አትበሉ። ፎቁ የሌላ ሰው ነው። ኪራይ አለ፣ መብራት አለ፣ የትኬት ብድር አለ። ስትደውሉ «ላክልን» ከማለታችሁ በፊት «እንዴት ነህ? በልተሃል? ጸልየሃል?» በሉት። እናንተም ባሕር ማዶ ያላችሁ፣ የምትችሉትን ላኩ፤ የማትችሉትን ደግሞ በግልጽ አልችልም በሉ። ስልክ መዝጋት ግን ወላጅን ይገድላል።

ጌታችን ራሱ ሕፃን ሳለ ወላጆቹ በሌሊት ይዘውት ወደ ግብፅ ሸሽተዋል፤ ማቴዎስ 2 ላይ አለ። እዚያ ስለኖሩበት ቤት አልተጻፈልንም። ማርያም ግን በዚያ ቤት እሳት አንድዳለች፣ ልጇን አጥባለች፣ አብልታለች። የመመለሻውን ቀን የነገራቸው እግዚአብሔር ነው። እስከዚያ ግን ኖረዋል።

እንግዲህ ዛሬ ማታ ይህን ወረቀት ስትጨርሱ ተነሡና ያን ሻንጣ ፍቱት። ልብሱን ቁም ሳጥን ውስጥ ስቀሉ። ፎቶዎቹን ግድግዳ ላይ አድርጉ። ባዶውን ሻንጣ አልጋ ሥር አስቀምጡት፤ እግዚአብሔር ተመለሱ ያለ ቀን አትቸገሩም። ከዚያ ልጆቹን ጥሩና በዚያ ቤት የመጀመሪያውን ጸሎት አብራችሁ ጸልዩ።

ጌታ መግባታችሁንና መውጣታችሁን ይባርክ። አሜን።